ሰሚ ያጣ ድርሰት፦ የፍሎረንስ ፕራይስ ሕይወትና ሥራ

ስለ ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ሲነሣ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጡት ባኽ፣ ሞዛርትና ቤቶቨን ናቸው። ሦስቱም አውሮፓውያን፣ ሦስቱም ወንዶች ናቸው። ነገ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሲምፎኒ የጻፈች ጥቁር ሴት አለች ወይ?» ብትለን ምን ብለን እንመልስላታለን?

አለች። ስሟ ፍሎረንስ ፕራይስ ይባላል። አሜሪካዊት ናት። የሙዚቃ ደራሲና የኦርጋን ተጫዋች ስትሆን እንደ እኛው በመምህርነትም እንጀራዋን የበላች ሴት ነበረች። ከ300 በላይ ድርሰቶች ጽፋለች። ይሁን እንጂ ከሞተች በኋላ ለብዙ ዓመታት ስሟን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነበር። ታዲያ ሥራዋ የተረሳው ደካማ ስለ ነበረ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት ነበረው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቷና አስተማሪዋ

ፍሎረንስ ቢያትሪስ ስሚዝ (ፕራይስ የባሏ ስም ነው) በ1887 ሚያዝያ ወር በአርካንሶ ክፍለ ሀገር፣ ሊትል ሮክ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የጥርስ ሐኪም፣ እናቷ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። ፒያኖን ያስጀመረቻት እናቷ ናት። ልጅቱ በአራት ዓመቷ ሰው ፊት ቀርባ እንደ ተጫወተች ይነገራል።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የጥቁርና የነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። ፍሎረንስ በተማረችበት የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሻርለት አንድሩስ ስቲቨንስ የሚባሉ መምህርት ነበሩ። እኒህ ሴት በባርነት ተወልደው፣ ባርነት ሲቀር ፊደል ቆጥረው፣ በ1869 ገና በ15 ዓመታቸው ማስተማር የጀመሩ ናቸው። ከዚያም 70 ዓመት አስተማሩ። ሰባ ዓመት! ከተማሪዎቻቸው መካከል አንዷ ፍሎረንስ ስትሆን፣ ሌላው ዊልያም ግራንት ስቲል ነው። ይህ ሰው በ1931 ሲምፎኒው በታላቅ ኦርኬስትራ የተጫወተለት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ሆኗል። እንግዲህ ሁለት ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ከአንዲት መምህርት ክፍል ወጡ ማለት ነው። መምህርቷን ግን ዛሬ ስንቱ ያውቃቸዋል?

ፍሎረንስ በ14 ዓመቷ ሁለተኛ ደረጃን በአንደኛነት ጨረሰች። በ1903 በቦስተን ከተማ ወደሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ወደ ተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ትምህርት ቤቱ ጥቁሮችን ይቀበል ነበር። ሆኖም እናቷ ልጃቸው በዘሯ ምክንያት እንዳትንገላታ ሰግተው፣ በመዝገቡ ላይ የትውልድ ከተማዋን የሜክሲኮዋ ፑዌብሎ ብለው አስጻፉ። አንዲት ወጣት ሙዚቃ ለመማር የተወለደችበትን አገር መደበቅ ነበረባት ማለት ነው። በ1906 በሁለት ሙያ ተመረቀች፤ አንዱ ኦርጋን መጫወት፣ ሁለተኛው ፒያኖ ማስተማር።

ኦርጋን ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ኦርጋን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ በሠርግ ቤትና በምሽት ክበብ የሚታየውን መሣሪያ ነው። ፍሎረንስ የተማረችው ኦርጋን ግን የሕንፃ ያህል ነው። ድምፁ የሚወጣው ነፋስ በቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው፣ የአንጥረኛ ወናፍ እንደሚሠራው ያለ፣ ግን እጅግ የበለጠ ወናፍ ነው። ቧንቧዎቹ በብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም በብዙ ሺዎች ይቆጠራሉ። ትንሹ ከእርሳስ የማይበልጥ ሲሆን፣ በትላልቅ ኦርጋኖች ላይ ያለው ረጅሙ ቧንቧ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቧንቧው ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በረዘመ ቁጥር ይወፍራል።

ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ቁልፎች ተደራርበው ይገኛሉ። ከእግሩ ሥር ደግሞ በእግር የሚረገጡ ቁልፎች አሉ። ከግራና ከቀኝ ያሉት እጀታዎች ሲሳቡ የተለያየ ዓይነት ቧንቧ ይከፈታል፤ አንዱ እንደ ዋሽንት፣ አንዱ እንደ መለከት ይሰማል። ስለዚህ የኦርጋን ተጫዋች ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን በአንድ ጊዜ በተለያየ ሥራ ያሰማራል። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማም በጆሮው ይመርጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ኦርኬስትራ ይመራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍሎረንስ በኋላ ለኦርኬስትራ ስትጽፍ ይህ ልምድ በእጅጉ ሳይጠቅማት አልቀረም።

መምህርት ፍሎረንስ

ከተመረቀች በኋላ ወደ ደቡብ ተመልሳ ማስተማር ጀመረች። መጀመሪያ በአርካንሶ፣ ቀጥሎም አትላንታ በሚገኘው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነች። በ1912 ቶማስ ፕራይስ ከተባለ ጠበቃ ጋር ተጋብታ ሊትል ሮክ ገባች። በቤቷ ፒያኖ ታስተምር፣ ልጆቿን ታሳድግ፣ ትርፍ ሰዓት ስታገኝ ትጽፍ ነበር። የአርካንሶ የሙዚቃ መምህራን ማኅበር አባል ልሁን ብላ ብታመለክት፣ ጥቁር በመሆኗ ብቻ አልተቀበላትም። ዲፕሎማዋን ያየ፣ ስትጫወት የሰማ አልነበረም። እርሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በዚያው ከተማ የሙዚቀኞች ክበብ አቋቋመች።

በ1927 ግን ነገሩ ከማኅበር አልፎ የነፍስ ጉዳይ ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሊትል ሮክ ውስጥ ጆን ካርተር የተባለ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በመንጋ ተገደለ። የፕራይስ ቤተሰብም በዚያው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ ሄደ። በእነዚያ አሥርተ ዓመታት ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች ከፈለሱት በጣም ብዙ ጥቁሮች መካከል ናቸው ማለት ነው።

ጨለማው አዳራሽ ውስጥ

ቺካጎ ሰላም ሰጠቻት እንጂ ኑሮ አላቀለለችላትም። በ1931 ከባሏ ጋር ተፋታች። ሁለት ሴት ልጆች ማሳደግ ነበረባት። ወቅቱ ደግሞ ሥራ የጠፋበት፣ ባንኮች የተዘጉበት ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ታዲያ በምን ኖረች? በኦርጋን፣ በማስተማርና በብዕር።

ቀደም ሲል ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በሲኒማ ቤቱ መጋረጃ ላይ ሰዎች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያል፤ ንግግራቸው አይሰማም። ዝምታውን የሚሞላው ከመጋረጃው ሥር የተቀመጠ ሙዚቀኛ ነበር። ተጫዋቹ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል፣ ለሩጫው የሩጫ፣ ለለቅሶው የለቅሶ ዜማ እዚያው እየፈጠረ ያሰማል። ፍሎረንስ በዚህ ሥራ ላይ ተሰማርታ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን የሲኒማ ኦርጋን ተጫዋቾች ሥራ ጠፋ። እርሷም ለራዲዮ ማስታወቂያ ዜማ ደረሰች፤ ቪ ጄይ በሚል የብዕር ስም የሕዝብ ዘፈኖችም ጻፈች። ሥራ ናቀች የሚላት የለም። ቤት ኪራይ ሲከብዳትም ከወዳጆቿ ጋር ተጠግታ ኖራለች። ካስጠጓት አንዷ የተማሪዋ የማርጋሬት ቦንድስ እናት ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሲምፎኒ ለመጻፍ ጊዜ ከየት ይመጣል? በ1931 መግቢያ ላይ እግሯ ተሰብሮ ቤት ዋለች። የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን በሰፊው የገፋችበት ጊዜ ይህ ነበር። ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ደግሞ እግር የመስበር ዕድል መቼ ይሆን የማገኘው ብላ ቀልዳለች። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ልብ ብለን ካየነው ያሳዝናልም። ይህች ሴት ለመጻፍ ዕረፍት ያገኘችው አጥንቷ ሲሰበር ነው።

ሰኔ 15፣ 1933

በ1932 ለጥቁር የሙዚቃ ደራስያን የተዘጋጀ የዋናሜከር ውድድር የሚባል ነበር። ፍሎረንስ በሲምፎኒው አንደኛ ወጥታ 500 ዶላር ተሸለመች። በፒያኖ ድርሰትም አንደኛ እርሷው ሆነች። በዘፈን ድርሰት ደግሞ ማን አሸነፈ? ተማሪዋ ማርጋሬት ቦንድስ! ለመምህር ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ?

ወሬው ፍሬድሪክ ስቶክ ጆሮ ደረሰ። ስቶክ የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ነበር። በ1933 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲካሄድ፣ ሰኔ 15 ቀን ማታ ኦርኬስትራው የፍሎረንስን ሲምፎኒ ተጫወተ። ታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሲምፎኒ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ምሽት ማርጋሬት ቦንድስ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር ሌላ ድርሰት በፒያኖ ተጫውታለች። አስተማሪና ተማሪ፣ በአንድ ማታ፣ በአንድ መድረክ!

ሲምፎኒው ምን ይመስላል? አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል የምንሰማቸው ዜማዎች በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙሮች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ የእኛም ቅኝቶች አምስት ድምፅ ስለሆኑ ለጆሯችን ባዕድ አይሆኑም። በሁለተኛው ክፍል የነሐስ መሣሪያዎች እንደ መዘምራን ሆነው ቀስ ያለ መዝሙር ያሰማሉ። ይህን ክፍል የሰማ ሰው ደራሲዋ የኦርጋን ተጫዋች መሆኗን ሳይነገረው ሊገምት ይችላል። ሦስተኛው ክፍል ጁባ ይባላል። ጁባ ባሮች ይጨፍሩት የነበረ ጭፈራ ነው። ከበሮ በተከለከለባቸው ቦታዎች ሰዎቹ ጭናቸውን፣ ደረታቸውንና መሬቱን እየመቱ ገላቸውን ከበሮ አደረጉት። ፍሎረንስ ይህንን ምት በአውሮፓ ሥርዓት ከተሠራ ሲምፎኒ ውስጥ አስገባችው። ትምህርት ቤት የተማረችውን አልጣለችም፤ የአያቶቿንም አልተወችም።

የተዘጉ በሮች

አንድ ጊዜ በሩ ከተከፈተ ሌላው ሁሉ ይከተላል ብለን እንገምት ይሆናል። አልሆነም። በ1934 የፒያኖ ኮንሰርቶዋ ተሰማ። በ1939 ማሪያን አንደርሰን የተባለችው ታዋቂ ጥቁር ዘፋኝ፣ ዋሽንግተን ውስጥ አዳራሽ ስትከለከል በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ 75,000 ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች። ካሰማቻቸው አንዱ ፍሎረንስ ያቀናበረችው መንፈሳዊ መዝሙር ነበር። ቀኑ ሚያዝያ 9፣ የፍሎረንስ የልደት ቀን መሆኑ ይገርማል። በ1940 ሦስተኛው ሲምፎኒዋ ዲትሮይት ውስጥ ቀረበ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ልምምዱን ሰምተው በጋዜጣ ዓምዳቸው ላይ አመስግነው ጻፉ።

የታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች በር ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተዘጋ ቀረ። ፍሎረንስ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ለነበረው ለሰርጌ ኩሴቪትስኪ ደጋግማ ጻፈች። በ1943 የላከችው ደብዳቤ በተለይ ይጠቀሳል። በዚያ ደብዳቤ ሁለት መሰናክል እንዳለባት፣ አንዱ ሴትነቷ፣ ሁለተኛው ዘሯ መሆኑን በግልጽ ነገረችው። ከዚያም እነዚህን ሁለቱን ትቶ ሥራዋን ብቻ እንዲመዝን ጠየቀችው። ውለታ አልለመነችም። ኩሴቪትስኪ አንድም ሥራዋን ለሕዝብ አላቀረበም።

እንግዲህ መግቢያው ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ሙዚቃ እንደ ሥዕል አይደለም። ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። ሲምፎኒ ግን ሰማንያ ያህል ሰው ካልተጫወተው ወረቀት ላይ ያለ ነጠብጣብ ነው። ካልተጫወተ አይሰማም፤ ካልተሰማ አይታተምም፤ ካልታተመ ደግሞ ሌላው ኦርኬስትራ ሊጫወተው አይችልም። ስለዚህ የፍሎረንስ ትልልቅ ድርሰቶች ተመዝነው አልወደቁም። ሚዛኑ ላይ አልወጡም።

ለልጆች የተጻፉት

በሕይወት እያለች በብዛት የታተሙላት ዘፈኖቿና ፒያኖ ለሚማሩ ልጆች የጻፈቻቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ናቸው። አንደኛው ስለ ጭራቅና ስለ ትንኝ ነው። ይህን ንቀን ማለፍ የለብንም። የማስተማሪያ ቁርጥራጭ መጻፍ ቀላል አይደለም። የልጁን የጣት አቅም ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ማስተማር ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ልጁ ሳይሰለች ደጋግሞ እንዲጫወተው ዜማው ደስ ማሰኘት አለበት። ይህንን የሚያውቅ ከልጅ ጋር ፒያኖ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው።

ለኦርጋንም ብዙ ጽፋለች። በቺካጎ የሴት ኦርጋን ተጫዋቾች ክበብ አባል ነበረች። በ1942 ባለ አራት ክፍል ስብስብ ጽፋለች። በ1951 የታተመችው «አዶሬሽን» (ስግደት እንደ ማለት ነው) የተሰኘችው አጭር ድርሰቷ ደግሞ ዛሬ በብዙ መሣሪያ ተቀናብራ በየአገሩ ትሰማለች። ዜማዋ ለሰሚ ቀላል፣ ውስጧ ግን በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

የሚያፈስ ጣሪያ

ፍሎረንስ ወደ አውሮፓ ለመጓዝ በምትዘጋጅበት ጊዜ በ1953 ሰኔ ወር ቺካጎ ውስጥ አረፈች። በ1964 ቺካጎ ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሟ ተሰየመ፤ በኋላ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ልጇ የተወሰኑ ወረቀቶቿን ለአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሰጥታ ነበር። ብዙው ግን የት እንደ ደረሰ አልታወቀም።

በ2009 አንድ ባልና ሚስት ከቺካጎ በስተ ደቡብ፣ ሴንት አን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የተተወ ቤት አድሰው ሊኖሩበት አሰቡ። ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን በስቶታል፤ ሌቦች በርብረውታል። ውኃ ያልደረሰበት ጥግ ግን በእጅ የተጻፈ ኖታ ተከምሮ አገኙ። በላዩ ላይ ያለውም ስም ፍሎረንስ ፕራይስ ነው። ቤቱ ድሮ ክረምት የምታሳልፍበት ኖሯል። ሰዎቹ ወረቀቱን አልጣሉትም። ስሟን ፈልገው ማንነቷን ካወቁ በኋላ ወደ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ደወሉ። ከክምሩ ውስጥ ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒዋ ተገኙ።

አራተኛው ሲምፎኒ በ2018 በተወለደችበት ክፍለ ሀገር በአርካንሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ እርሷ ከሞተች ከ65 ዓመት በኋላ ነው። በ2022 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ሲምፎኒዋን ቀርጾ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ሬይ ሊንዳ ብራውን የተባሉ የሙዚቃ ታሪክ ምሁር ደግሞ ዕድሜያቸውን በፍሎረንስ ጥናት ላይ አሳልፈው፣ በ2017 ካረፉ በኋላ መጽሐፋቸው በ2020 ታተመ። ምሁሯ ይህንን ጥናት የጀመሩት ማንም ስለ ፍሎረንስ በማይጠይቅበት ጊዜ ነው።

ለእኛ ለመምህራን

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። የፍሎረንስ ታሪክ በዚህ ተረት ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል። በጽሑፍ ያለም ቢሆን የሚወርሰው ሰው ካልተነሣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይበሰብሳል። ወረቀቱ እንዲወረስ አንድ የሚጠብቀው፣ አንድ የሚያነበው፣ አንድ የሚጫወተው ያስፈልጋል።

ውድ እጩ መምህራን፣ የምትመረቁበት ቀን ደርሶ ወደ ክፍል ስትገቡ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ አትጠፋም። ደብተሯን ሳንገልጥ፣ ስታነብ ሳንሰማ፣ ስሟንና መልኳን አይተን ብቻ «ይህቺ አትችልም» ብንል፣ ኩሴቪትስኪ ካደረገው በምን እንለያለን? ፍሎረንስ የጠየቀችው ሥራዋ እንዲታይላት ብቻ ነበር። ይህን ያህል ለተማሪዎቻችን ለማድረግ ኦርኬስትራ አያስፈልገንም። ደብተሩን ገልጦ ማንበብ በቂ ነው።